ከሐምራዊው ክዳን ወደ ቀዩ ክዳን ስለተጨመረው የላሜ ደም

ለክቡር የእንስሳት ላቦራቶሪ ኃላፊ፣

እንደምን ሰነበቱልኝ? ልብዎ፣ ጉበትዎና ኩላሊትዎ ሁሉ ደኅና እንዲሆኑ እመኛለሁ፤ አንድ ቀን እንኳ ቢያምዎ ደምዎ እርስዎ በሚመሩት ቤት እንዳይመረመር ከልቤ እጸልያለሁ።

እኔ ከሦስት ሳምንት በፊት ግንባሯ ላይ ነጭ ያለባትን ላሜን ቦራን እየሳብኩ የመጣሁት አሮጊት ነኝ። እኔን ባያስታውሱኝ አልቀየምም፤ መኪናዎ ጋ ለመድረስ ገመዷን ተሻግረው ያለፏት ላም ግን ትዝ ትልዎ ይሆናል። ሁለት ቀን መኖ አልቀምስ ብላ ነው ያመጣኋት፤ ቢሆንም በእግሯ ነው የመጣችው። አብሮኝ የመጣው የሰፈራችን የከብት ሐኪም እዚያው በራችሁ ላይ ደሟን በሁለት ቱቦ፣ አንዱን ሐምራዊ አንዱን ቀይ ክዳን ባለው፣ ቀድቶ ለሠራተኛዎ አስረከበ። ከዚህ በኋላ ለተደረገልኝ መስተንግዶ ምስጋናዬን በተራ ቁጥር አቀርባለሁ።

፩. የላሜ ደም ከጠዋት እስከ ቀትር መስኮቱ ላይ ፀሐይ እንዲሞቅ ስለፈቀዱለት አመሰግናለሁ። ማቀዝቀዣው ውስጥ ቦታ እንዳልነበረ ተረድቻለሁ፤ የሠራተኞችዎ ለስላሳና የምሳ ዕቃ ቀድሞ ገብቶ ነበርና ወረፋ ማክበር ደግ ነው።

፪. ሠራተኛዎ በመጨረሻ ቱቦዎቹን ሲያነሣ ቀዩ ከእጁ አምልጦ ግማሹ ፈሰሰ። እሱም ሳይደናገጥ ከሐምራዊው ጨምሮ ሞላው። እኔ ፊት ለፊቱ ወንበር ላይ ነበርኩ። ማንበብ የተማርኩት በስተርጅና ነውና የተለጠፈ ነገር ካየሁ አላልፍም፤ ከእሱ ራስ በላይ፣ ከጀርባው ግድግዳ ላይ ደግሞ «ከአንዱ ቱቦ ወደ ሌላው ደም መጨመር ፈጽሞ ክልክል ነው» የሚል ማስታወቂያ ነበረ። ይህንኑ ብነግረው ሳቀና «አይዞዎት እማማ፣ ደም ያው ደም ነው» ብሎ አጽናናኝ። ማስታወቂያውን ለሠራተኛው ሳይሆን ለላም ባለቤቶች እንዲታይ አድርገው ስለሰቀሉት በተለይ አመሰግናለሁ፤ እኛ ቱቦ ባንይዝም ሁልጊዜ እንጠነቀቃለን።

፫. ውጤቱ ፈጥኖ ደረሰ። ሐኪማችን እንዳነበበልኝ የቦራ ካልሲየም አልቋል፣ ፖታሲየሟ ደግሞ በሕይወት ያለ ከብት የማይሸከመው ነው። እንደ ወረቀታችሁ ከሆነ ላሜ ከሞተች ቆይታለች፤ እሷ ግን በር ላይ ታስራ እምቧ ትል ነበር። ሐኪሙም ዓይኑን ትቶ ማኅተማችሁን አመነ፤ ካልሲየም በአንገቷ የደም ሥር መስጠት ጀመረ። ጠርሙሱ ሳይጋመስ ጉልበቷ ታጠፈ። ጭንቅላቷን ጭኔ ላይ አድርጌ እስክትበርድ ተቀመጥኩ።

ሐምራዊው ቱቦ ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር እንዳለ፣ ያም ነገር ካልሲየሙን እንደሚይዝና ራሱ ፖታሲየም እንዳለበት፣ ካልሲየም ላልጎደላት ላም ካልሲየም መጨመር ልብ እንደሚያቆም ያስረዳኝ ያው ሐኪም ነው። በማግስቱ ቤቴ መጥቶ፣ ቆቡን አውልቆ፣ «እናቴ፣ ጥፋቱ የእኔም ነው» አለኝ። ይቅር አልኩት ለማለት ገና ነኝ፤ ግን መጥቷል።

፬. እርስዎ ግን በመምጣት ፈንታ ደብዳቤ ላኩ። ክቡርነትዎ፣ በሕይወቴ ሰው ሳላስቸግር ራሴ ያነበብኩት የመጀመሪያው ማኅተም ያለበት ደብዳቤ ነው። በጣቴ እየተከተልኩ «ላሚቱ የሞተችው ባለቤቷ በቂ መኖ ባለመስጠቷ ነው» የሚለው ላይ ደረስኩ። ሁለት ጊዜ አነበብኩት፤ የማንበብ ችግር መስሎኝ ነበር። ባሌ ከሞተ ጀምሮ ከእኔ አፍ ቀድማ ስትበላ የኖረችን ላም አስርባ ገደለች ተብዬ፣ ግልባጩም ለወተት ማኅበራችን ደርሶ፣ ጎረቤቶቼ ሰላምታዬን በግማሽ አፍ ይመልሱልኛል።

ስለዚህ የምለምንዎ አንድ ነገር ብቻ ነው። ላሜን መልሱልኝ አልልም፤ ያንን ዓረፍተ ነገር አንሡልኝ። ማንሣታችሁንም ግልባጩ ለደረሰው ሁሉ አሳውቁ። በተረፈ ሰኞ የቦራ ልጅ የጊደሯ ደም እንዲመረመር ማኅበሩ አዟል፤ ወደ እናንተው ነው የላከኝ። ያንኑ ወንበር እንዲያቆዩልኝ በትሕትና እጠይቃለሁ፤ ዓይኔ ለቅርብ ቢደክምም ለሩቅ ደኅና ነው።

ጊዜዎን ስለወሰድኩ ይቅርታ እየጠየቅሁ፣ ስለ ቦራ ሞት ሙሉ ኃላፊነት በእኔ ላይ ለጣሉበት ድካምዎ እጅ እነሣለሁ።

አክባሪዎ፣
የቦራ ባለቤት

ማሳሰቢያ፦ ያ ማስታወቂያ ከግድግዳው መነሣቱን ሰማሁ። አይጨነቁ፤ ውጤቱን ስጠብቅ ለጽሕፈት ልምምድ ብዬ ቃል በቃል ደብተሬ ላይ ጽፌዋለሁ፤ ቀኑም አለበት፤ ማንበብ ያስተማረችኝ አስተማሪዬም ፈርማበታለች። መልሰው መለጠፍ ከፈለጉ በትልልቁ አድርጌ እጽፍልዎታለሁ፤ በዚህኛው ጊዜ ግን ፊቱን ወደ ሠራተኞችዎ ያዙሩት።