ሮቤ መንገድ ላይ የደበደቡህ ቀን

ውድ ባለቤቴ ገመቹዬ፣

እንዴት ነህ እንዳልልህ አፈር ተጭኖሃል፤ ዝም እንዳልልህ ደግሞ ሆዴ አልችል አለ። ከተለየኸኝ ወዲህ ገብሱ ታጭዶ፣ በጋው አልፎ፣ አሰላ ላይ ሌላ ክረምት ገብቷል። ሚኒባስህን ወንድምህ ቱፋ ይነዳታል። ልጃችን ሌንሴ ትምህርቷን አላቋረጠችም፤ ግን ሰው ጮክ ብሎ ሲናገር ጆሮዋን ይዛ ጠረጴዛ ሥር ትገባለች።

ከኮሮና ድነህ የተነሳህ ጊዜ ጎረቤቱ ሁሉ "እንኳን ማረህ" ሲልህ፣ እየሳቅክ ፍራሽህን ራስህ ፀሐይ ላይ አወጣኸው። እኔም አለፈ ብዬ ነበር። ከዚያ ወዲህ ግን ዳገት ስትወጣ ደረትህን ትይዛለህ፣ እጄ ደነዘዘ ትላለህ። "ድካም ነው" እያልክ ሥራህን ቀጠልክ።

የዚያን ዕለት ከሮቤ ስትመለስ መሪው ላይ ተደፋህ። ሚኒባሷ ጋሪ ገጭታ ፈረሱን ገደለችው። ባለጋሪው ጎትቶ አወረደህ። ልትናገር ስትል ምላስህ ተሳሰረ፤ ልትቆም ስትል እግርህ ከዳህ።

"ሰክሯል!" ብሎ ጮኸ።

ዱላው ወረደብህ። ከገበያ የሚመለሰውም ሰው ተደረበ፤ በእርግጫ፣ በድንጋይ። ጮሌ ወረዳ የምትሠራ አንዲት ነርስ ተሳፍራ ነበር። "አልሰከረም፣ ታሟል!" እያለች ላይህ ላይ ባትወድቅ እዚያው ይጨርሱህ ነበር። ሆስፒታል ስደርስ ፊትህ አብጦ በሸሚዝህ ነው የለየሁህ።

በማግስቱ አረፍክ። "ኮሮናው ቢለቀውም የደም ሥሮቹን ሳይጎዳቸው አልቀረም" አለኝ ሐኪሙ። "የረጋ ደም ወደ አንጎሉ የሚሄደውን ሥር ዘግቶታል።" የረጋው ደም ነው ወይስ ዱላው የገደለው ብዬ ጠየቅሁት። "ሁለቱም አሉበት" ብሎ አቀረቀረ።

ቱፋ ገጀራውን አንስቶ ሊወጣ ሲል በሩ ላይ ተጋደምኩ። ረግጦኝ ሊያልፍ ሲል ሌንሴ እግሩን ነከሰችው። ያኔ መሬት ላይ ተቀምጦ እንደ ሕፃን አለቀሰ።

ባለጋሪው በዋስ እንደተፈታ ሽማግሌ ይዞ መጣ። "የሰከረ መስሎኝ ነው፣ ይቅር በይኝ" ሲለኝ፣ ቱፋን የከለከልኩት እኔ ጉሮሮውን አነቅሁት። ጥፍሬ ሥጋው ውስጥ ገባ። እሱ እጁን እንኳ አላነሳም። ሽማግሌዎቹ አላቀቁን፤ ካሳ ሲሉኝም እምቢ አልኩ።

"የሕጉን ሕግ ይየው። አንተ ግን ባሌን ሰው ፊት ሰካራም ብለህ አዋርደኸዋል። ገበያ መሃል ቆመህ ስሙን መልስ" አልኩት።

በገበያው ቀን አብሬው ሄድኩ። እህል ሻጮቹ መሃል ቆሞ፣ አንዲት ጠብታ እንዳልቀመስክ፣ የመታው በሽተኛ ሰው እንደነበር በኦሮምኛ ተናገረ። እኔ ግን ይቅር አላልኩትም ገመቹዬ፤ እስካሁንም አላልኩትም።

ሌንሴ አድጋ ስትጠይቀኝ ሁሉንም እነግራታለሁ፤ ዱላውንም፣ ከዱላው በፊት ደም ሥርህ ውስጥ የተደበቀውን በሽታም። ከሁሉ አስቀድሜ ግን እንዴት እንደኖርክ እነግራታለሁ። እስትንፋሴ እስካለች ድረስ፣ አንተን በአሟሟትህ ሳይሆን በአኗኗርህ አስታውስሃለሁ።

የአንተው አልማዝ