ከፔዳሉ ሥር ያሰርኩት ብሎን

ውድ ልጄ ጽጌ፣

ደህንነትሽን ከእናትሽ ስልክ እሰማለሁ። ስታወራሽ አጠገቧ ነው የምቀመጠው። «አባየስ?» ብለሽ ግን ጠይቀሽ አታውቂም። አልተቀየምኩም ብል ውሸት ነው፤ ተቀይሜያለሁ። ይህን የምጽፈው ግን ልወቅስሽ አይደለም። የማታውቂው ነገር ስላለ ነው። እስክትጨርሺው ድረስ ወረቀቱን እንዳትቀዳድጂው።

ከሻርጃ ስትመለሺ ከሰው ቤት ሥራ ወጥተሽ የተጋጩ የኤሌክትሪክ መኪኖችን ባትሪ በሚፈታ ጋራዥ ሦስት ዓመት እንደሠራሽ ነገርሽኝ። አላመንኩሽም። እኔ ሙያዬን ከማንም አልተማርኩም። የወፍጮ ሞተር ፈትቼ፣ ገጥሜ፣ አልነሳ ሲለኝ ደግሜ ፈትቼ ነው መካኒክ የሆንኩት። ሞተሩ የሞተውን አሮጌ ላዳዬን አይተሽ «በኤሌክትሪክ እናስነሳታለን» ስትይ ሳቅሁብሽ። አንቺ ግን አዲስ አበባ ድረስ ሄደሽ፣ ተገልብጦ ከተጣለ የኤሌክትሪክ መኪና ሞተሩንና ባትሪውን አስፈትተሽ በአይሱዙ ጭነሽ መጣሽ።

«አባየ፣ እርስዎ ብረቱን ይያዙ፤ ኤሌክትሪኩን ለእኔ ይተዉት» አልሽ። ተስማማን። መሪው፣ ፍሬኑ፣ ሞላው፣ ፔዳሉ የእኔ፤ ባትሪው፣ ሽቦው፣ ሞተሩ ያንቺ። አንዳችን በሌላው ሥራ እጃችንን ላናስገባ ተማማልን። አምስት ወር እንዲህ ሠራን። ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ከሰው ጋር እንደዚያ ተግባብቼ ሠርቼ አላውቅም።

የጋራዥ ሰዎች ጥምቀት ባለፈ በሳምንቱ ወደ ጉና መውጫ ባለው ሜዳ የሚያደርጉት ውድድር ለነሱ ጨዋታ ነው። ስድስት አሮጌ መኪና እኩል ይነሳል፤ ግማሹ አፈር ግማሹ ጠጠር የሆነውን ዙር አምስት ጊዜ ይዞራል፤ ያሸነፈው ሲኩራራ ይከርማል። ላንቺ ግን ጨዋታ አልነበረም። «ከተማው በዓይኑ ይየው። ካየ መኪናውን ያመጣልኛል፣ እዚሁ ሠርቼ እኖራለሁ። ካልሆነ ወደ አረብ አገር መመለሴ ነው» ብለሽኛል። ስለዚህ አላወቅሁም ነበር አልልም።

ውድድሩ ሦስት ቀን ሲቀረው ለልምምድ ወጣን። መጀመሪያ እኔ ነዳሁ፣ ከዚያ አንቺ። መታጠፊያው ላይ የኋላ ጎማዋ ሲንሸራተት ተገለበጥሽ ብዬ ነበር። አንቺ መሪውን መልሰሽ አወጣሻትና ከእኔ በፈጠነ ሰዓት ጨረስሽ። ባለ ኮሮላው ደምሴ ቆሞ ያይ ነበር።

«ጋሼ ሙላቴ፣ እንግዲህ ጡረታዎን ይውጡ!» አለኝ። «ሃምሳ ዓመት የሠራ መካኒክ በልጁ ተበለጠ!»

ሰዉ ሳቀ። አንቺም ሳቅሽ።

በውድድሩ ዋዜማ ከፍጥነት መስጫው ፔዳል ሥር ብሎን አሰርኩ። ድሮ የመንግሥት መኪና ስጠግን፣ አልሰማ ብሎ ለሚከንፍ ሹፌር የማደርገው ነበር። ፔዳሉ ግማሽ መንገድ ሲወርድ ብሎኑ ያቆመዋል፤ መኪናው ከግማሽ ጉልበቱ በላይ አይሰጥም። ልጓም እንለው ነበር። የጎማ ምንጣፉን መልሼ አለበስኩት። ጠዋት ገብተሽ ረገጥሽና «አባየ፣ ፔዳሉ ቶሎ ቆመብኝ» አልሽ።

«አዲስ ሞላ ገጥሜበት ነው። አጠረ እንጂ ኃይሉ ያው ነው» አልኩሽ።

«እርስዎ ካሉ እሺ» አልሽና በሩን ዘጋሽ።

እንዳትሞችብኝ ፈርቼ ነው ብል ግማሹ እውነት ነው። ሌላውን ግማሽ ለንስሐ አባቴ ለመናገር እንኳ ዓመት ፈጅቶብኛል። ያ ሳቅ ነው።

መነሻው ላይ ደምሴ አንገቱን በመስኮት አውጥቶ «ጽጌ፣ ይቺ መኪና ናት ወይስ ካውያ? ሸሚዜን ላምጣና ትተኩሺልኛለሽ?» አለሽ።

«መጀመሪያ አቧራዬን ይጠጡ ጋሽ ደምሴ! ከዚያ ሸሚዝዎ ይታጠባል፣ ይተኮሳልም!»

ባንዲራው ወረደ። አቧራ የጠጣሽው አንቺ ነሽ። አምስቱም ጥለውሽ ሄዱ፤ ደምሴ አንድ ሙሉ ዙር ደረበሽ። ከመኪናዋ ስትወርጂ «ካውያዋ መብራት ጠፋባት!» እያሉ ያውካኩ ነበር። ወደ እኔ ዞርሽ። አባትሽ ነኝና አንድ ቃል ጠበቅሽ። እኔም ያን ሁሉ ሰው እያየሁ «ኤሌክትሪክ እንደ ብረት አይታመንም ብዬሽ ነበር» አልኩ።

ብሎኑ ካደረሰብሽ ይህ ቃል ይብሳል። ብሎኑን ያሰርኩት ተደብቄ ነው። ቃሉን የተናገርኩት ዓይንሽን እያየሁ ነው።

ሦስት ቀን ባትሪውን በትነሽ አንድ በአንድ ለካሽ። ሽቦውን ከጫፍ እስከ ጫፍ ፈተሽሽ። ፔዳሉን አልነካሽም፤ የእኔ ሥራ ነበርና። በአራተኛው ቀን ሁሉንም መልሰሽ ገጠምሽና «ጥፋቱን አላገኘሁትም፣ አባየ። ጥፋቷን የማታውቅ ሰው የሰው መኪና ልትከፍት አይገባም» አልሽ። ያን ጊዜ መናገር እችል ነበር። ሻዬን ጠጣሁ። በወሩ ሄድሽ። አሁን ያ ሁሉ ሙያ ያለበት እጅሽ የሰው ምንጣፍ ያራግፋል።

ንስሐ አባቴ ስግደት ያዝዙኛል ብዬ ነበር። «ጉልበትህን ተወው» አሉኝ። «ልጅህን ባዋረድክበት ቦታ፣ ባዋረድክበት ሰው ፊት ተናገር። ከዚያ ለእሷ ጻፍላት።» ሁለት ጊዜ እሺ ብዬ ሁለት ጊዜ ቀረሁ። አንገቴ ደንዳና እንደሆነ ታውቂያለሽ።

ባለፈው ቅዳሜ ግን ብሎኑን ፈታሁ። ባትሪውን ግድግዳው ላይ እንደጻፍሽልኝ በየወሩ ስሞላው ከርሜያለሁ። ከሠራሽው አንድ ሽቦ አልነካሁም። ሜዳው ድረስ ነድቼ፣ ደምሴንና እነዚያኑ ሰዎች ጠርቼ «ኮሮላህን አምጣ» አልኩት። ሳቀብኝ፤ አመጣ። በሁለተኛው ዙር ጥዬው ሄድኩ። በእኔ፣ በሰባ ዓመት ሽማግሌ እጅ ይህን ከሆነች፣ በአንቺ እጅ ምን ልትሆን እንደነበር አንቺው አስቢው።

ደምሴ አቧራውን እያራገፈ መጣ። «እንዴ ጋሼ! ያን ቀን ታዲያ ምን ነክቷት ነበር?»

«እኔ» አልኩት። ሁሉንም ነገርኳቸው።

የሳቀ የለም። ደምሴ «እኛስ ሳናውቅ ነው የቀለድንባት። እርስዎ ግን ያውቁ ነበር» አለና ትቶኝ ሄደ። አሁን መንገድ ላይ ሲያየኝ ይሻገራል። እናትሽ እቴነሽም ሰምታለች። እህል ታቀርብልኛለች፣ ቃል ግን የላትም። አልፈርድባቸውም።

ይቅር በይኝ አልልሽም። ብለምንሽ እሺ ማለት ግዴታ እንደሚመስልሽ አውቃለሁ፤ ሌላ ሸክም አልጨምርብሽም። ነይም አልልሽም፤ ነይ የምልበትን አፍ በገዛ ምላሴ አጥፍቼዋለሁ። ስለ ሥራሽ ግን የመናገር ግዴታ አለብኝ። ጥፋትሽን ፈልገሽ ያጣሽው ስላልነበረ ነው። እዚያም ሁኚ እዚህ፣ የሰው መኪና ያለ ፍርሃት ክፈቺ።

አባትሽ
ሙላቴ ይሻው
ደብረ ታቦር፣ የካቲት ፲፪