አሥራ ዘጠኝ ደቂቃ

ከፑንታ ካና፣ ለምወድሽ ታላቅ እህቴ ለኤርሲሊያ፣

ናፍቆቴ ባሕሩን ተሻግሮ ማድሪድ ይድረስልኝ፤ እንደምን አለሽልኝ? እማማ ደብዳቤ አልጻፈችልኝም ብላ ስትረግምሽ ትውላለች፤ ስለዚህ ደህና ናት።

ሆቴላችን አንድ ክፍል ለማጽዳት ስንት ደቂቃ እንደሚፈጅ የሚለካ ሰው አምጥቶ ነበር። እኛ የጽዳት ሴቶች ማናችንም ከሠላሳ ደቂቃ በፊት ላንጨርስ ቃል ተገባባን። ዩደልካ፣ አልጋ ማንጠፍ ያስተማርኳት አበልጄ፣ በአሥራ ዘጠኝ ጨረሰች። አሁን አለቃችን እሷ ናት፤ የሁላችንም ልክ አሥራ ዘጠኝ ሆነ።

«አበልጄ፣ ቃል አልነበረንም ወይ?» አልኳት።

«ፍጠኚ እያልሽ ያሠለጠንሽኝ አንቺ አይደለሽ እንዴ?» አለችኝ።

ትናንት የትራሱን ልብስ በጥርሴ ይዤ ሳጠልቅ በሩ ላይ ቆማ አየችኝ። «አርባ አንድ ደቂቃ» ብላ ጻፈችና ሄደች።

ፊደሌ ቢንጋደድብሽ አትገረሚ፤ ቀኝ እጄ አልጨብጥ ስላለኝ በግራ እጄ መጻፍ እየለመድኩ ነው። ለእማማ ግን ይህን አታንሺላት። እዚያ ሕፃን የሚጠብቅ ሰው ይፈለጋል ያልሽው ቤት አሁንም ይፈልግ እንደሆነ፣ እንዲያው ለወሬ ያህል ጻፊልኝ።

በደህና ያገናኘን፤ ድንግል ማርያም ትጠብቅሽ።

ታናሽሽ ኔሬይዳ