ሱቁ የተዘጋባቸው ቀናት

ለማከብርህና ለምትናፍቀኝ ታላቅ ወንድሜ ለአክመል፤

የአላህ ሰላምና እዝነት ካለህበት ይድረስህ። እንዴት ነህ ወንድምጋሼ? ጤናህስ እንዴት ነው? ያ የወገብ ሕመም ተሻለህ ወይስ ዛሬም ስታጎነብስ ይይዝሃል? ሙቀቱስ ቀነሰላችሁ? አሠሪህ እንደ ድሮው ደግ ነው? አብረውህ የሚያድሩት የሀገር ልጆች ሁሉ ደህና ናቸው? እኛ አልሀምዱሊላህ በሕይወት አለን። እናታችን ጉልበቷን ትንሽ ከማመሙ በቀር ደህና ናት፤ ከሶላት በኋላ ስምህን ሳትጠራ መስገጃዋን አታጥፍም። ባለቤቴ ሀሰኖም እንደምታውቀው ነው፤ ሲናደድ ዝም ብሎ ሚስማር በየቁጥሩ ይለያል። ዘንድሮ በሱቃችን ያልተለየ ሚስማር የለም።

ስትደውል ሁሌ “ሁሉም ደህና ነው፣ ግብሩም አልቋል” ብዬ ቶሎ የምዘጋብህ ለምን እንደሆነ ሳይከነክንህ አልቀረም። ስልኩን አላምነውም ወንድሜ። ድምፅህ ርቆ ሲመጣ በመሃል ሌላ ሰው የሚተነፍስ ይመስለኛል። ይህን ደብዳቤ የምታደርስልህ ራያ ናት፣ የሀሰኖ የአክስት ልጅ፤ ለሥራ ወደ ጅዳ ስትመጣ በልብሷ መሃል ይዛው ትመጣለች። አንብበህ ስትጨርስ አታስቀምጠው። የንግድ ፈቃዱ በስምህ ነው፤ በውክልናህ የፈረምኩትንም፣ እሱን ለመፈረም ያየሁትንም ልታውቅ ይገባሃል።

መቼም ወሬው እዚያም ደርሷችኋል። አዲስ አበባን ወደ እኛ ያሰፋል የተባለው ማስተር ፕላን ተሰረዘ ቢባልም ነገሩ አልበረደም። በመስከረም ከእሬቻው ሐዘን በኋላ ወደ ሰበታ በኩል ፋብሪካ ሲቃጠል ጭሱ ከእኛ ሰፈር ይታይ ነበር። የአምቦ መንገድ በድንጋይ ይዘጋል፣ ይከፈታል፣ ደግሞ ይዘጋል። ሱቅ ከከፈትክ ወጣቶቹ “ከማን ጋር ናችሁ?” ብለው ይመጣሉ፤ ከዘጋህ ደግሞ “አድማ መታችሁ” ተብሎ በርህ ይታሸጋል። እኛ ቡራዩዎች ግማሹን በር ከፍተን መሸጥ ለመድን። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ከታወጀ ወዲህ የስልክ ኢንተርኔት የለም፤ ሰውም ሦስት ሆኖ ቆሞ አያወራም።

በዚህ መሃል ነው የግብር ወር የደረሰብን። ደረጃ ሀ ስለሆንን እስከ ጥቅምት መጨረሻ የዓመቱን ሒሳብ ማቅረብ አለብን። ሒሳብ ሠሪያችን አቶ እውነቱ ከክረምት ጀምሮ ስልክ አያነሳም፤ ቢሮው አዲስ አበባ ነው፣ መንገዱን ፈርቶ ይሁን እኛን ፈርቶ አላውቅም። ኮምፒውተሩን ስከፍተው ፕሮግራሙ “ይህ የሒሳብ ዘመን ተዘግቷል” እያለ አንድ ደረሰኝ እንኳ አልቀበልም አለኝ። አጠፋሁት፣ አበራሁት፣ ሀሰኖ በቡጢ መታው፣ ያው ነው። ሒሳብ ያላቀረበ በግምት ይወሰንበታል ይባላል፤ የግምት ነገር ደግሞ ታውቀዋለህ፣ ገማቹ የሚያየው የቆርቆሮውን ክምር እንጂ ስንት ወር እንደተከመረ አይደለም።

ያን ጊዜ ጎረቤታችን እትዬ ድንቅቱ፣ የከብት መኖና ፉርሽካ የምትሸጠው፣ “በሪሁን ጋ ውሰጂው” አለችኝ። በሪሁን ከገቢዎች ቢሮ ፊት ለፊት ካለው ፎቶ ኮፒ ቤት ጓዳ ውስጥ አንድ ጠረጴዛ ተከራይቶ የነጋዴውን ሒሳብ የሚያስተካክል ሰው ነው። ሠላሳ ዓመት ቢሆነው ነው። ቡራዩ ከመጣ ዓመት አልፎታል፤ ዘመዱን ያየ የለም፣ ከየት እንደመጣ የሚያውቅ የለም። ብቻውን ይበላል። ሰው ሲያወራ አንገቱን አቀርቅሮ መክተብ ነው ሥራው።

እውነቱን ለመናገር ችግሩን ቶሎ አገኘው። አቶ እውነቱ አንዳንዱን ደረሰኝ በእኛ ቀን፣ አንዳንዱን በፈረንጅ ቀን ሲያስገባ ኖሯል። የእኛን 2008 ፕሮግራሙ የፈረንጅ 2008 ነው ብሎ ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ወርውሮታል። በሪሁን እየሳቀ “ሽያጫችሁ ጠፍቶ አይደለም፣ ልጅነቱን ሊያይ ሄዷል” አለኝ። እኔም ሳቅሁ። የቸገረኝንም ሁሉ ጠየቅሁት፤ የሀሰኖ ደመወዝ ወጪ ሆኖ ይያዛል ወይ፣ ዝናብ የገባበት ሲሚንቶስ ይቀነስልናል ወይ፣ ኪሳራ ብናሳውቅ ያስቀጣል ወይ አልኩት። ሳይሰለች እንደ ሰው እንዲገባኝ አድርጎ ነገረኝ።

ከዚያ ዓይኑን ከኮምፒውተሩ ሳያነሳ፣ “ባለፈው ዓመት ሱቁን የዘጋችሁት የትኞቹን ቀናት ነው?” አለኝ።

ወላሂ አክመል፣ ወዲያው ጠረጠርኩት። “ምን ያደርግልሃል?” አልኩት። ሽያጩ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ስለወረደ ቢሮው ምክንያት መጠየቁ አይቀርም አለ። በዚህ ጊዜ ሱቅ የዘጋህበትን ቀን መናገር ማለት “አድማ መታሁ” ብሎ መፈረም እንደሆነ ሕፃን ያውቀዋል። “እኔ አላስታውስም፣ ባለቤቴን ጠይቄ እመጣለሁ” ብዬ ወጣሁ። ለሀሰኖ ስነግረው ሚስማሩን አስቀመጠና “ከባለቤቱ ያወቀ ቡዳ ነው። ያንን ኮምፒውተር ዛሬውኑ አምጪው” አለኝ።

ሳላመጣው በፊት እትዬ ድንቅቱ ጋ ገባሁ። ፉርሽካው መሃል ተቀምጣ ነበር። ልጇን ሞቲን ታስታውሰዋለህ፣ ፉሪ አካባቢ ፋብሪካ የሚሠራው ረጅሙ ልጅ፤ በመስከረም መጨረሻ ከሥራ ሲመለስ ወስደውት የት እንዳለ አይታወቅም ነበር። ስለ በሪሁን ስነግራት ፊቷ ተለዋወጠ። “እኔንም ጠይቆኛል” አለችኝ። “ነግሬዋለሁ ራቢአ። ሱቁን ዘግቼ የከረምኩት ልጄ ‘እናቴ ዛሬ አትክፈቺ’ ስላለኝ ነው ብዬ በገዛ አፌ ነግሬዋለሁ። በሳምንቱ ሞቲን ወሰዱት።”

ኮምፒውተሩን በፌስታል ጠቅልዬ ከበሪሁን ወሰድኩት። ለምን አላለኝም። አለማለቱም ራሱ አሳሰበኝ።

በማግስቱ ገቢዎች ሄጄ እንደማንኛውም ሰው ተሰለፍኩ። መረጃ የምትሰጠዋ ልጅ ትሑት ናት፤ ወረቀቴን አየት አድርጋ “ሽያጫችሁ በኅዳር ወርዷል፣ ሱቁ ዝግ የነበረባቸው ቀናት ካሉ ምክንያቱን ጽፋችሁ አቅርቡ” አለችኝ። ልክ እሱ ያለኝን! ወደ ቤት ስመለስ መንገዱን ሙሉ ሳሰላስል ነበር። ሁለቱ አንድ ነገር ከጠየቁኝ፣ ወይ ሁለቱም ስለ ግብር ብቻ ነው የሚያወሩት፣ ወይ ሁለቱም የአንድ ቤት ሰዎች ናቸው። አላህ ይቅር ይበለኝና ሁለተኛው ነው የበለጠ የመሰለኝ።

ቀኑ ግን አይጠብቅም። ሌላ ፕሮግራሙን የሚነካ ሰው ፈልጌ አጣሁ፤ አዲስ አበባ ያሉት በስልክ “ከቡራዩ ነኝ” ስላቸው ሥራ ይበዛባቸዋል። የቸገረው እርጉዝ ያገባል እንዲሉ ኮምፒውተሩን ተሸክሜ ተመልሼ በሪሁን ጋ ሄድኩ። ገና ሳስቀምጠው እትዬ ድንቅቱ ነጠላዋ ትከሻዋ ላይ ተንሸራቶ ደረሰች። ከኋላዋ ሦስት አራት ነጋዴዎች አሉ። በኦሮምኛ “ኢልሚ ኮ ኤሳ ጂራ?” ብላ ጮኸችበት። በአማርኛም “ልጄ የት ነው?” ብላ ደገመችለት፤ ኦሮምኛ የማይሰማ መስሏት።

በሪሁን ተነሣ። ከዚያ እንደ ወንዝ በሚፈስ ኦሮምኛ መለሰላት።

ሁላችንም ደነገጥን። ዓመት ሙሉ ሰው ያ ጓዳ ውስጥ ቆሞ፣ “ይሄ አይሰማም” እያለ፣ ስለ ወጣቶቹ፣ ስለ ፖሊሱ፣ ስለ ልጆቹ መሸሸጊያ ሲያወራ ኖሯል። እሱ አንገቱን አቀርቅሮ እየከተበ ሁሉንም ይሰማ ነበር! እትዬ ድንቅቱ አፏን ያዘች። ያለውን እኔም ኦሮምኛዬ እስከሚችለው ሰምቻለሁ። “ሀደ ሞቲ፣ የሞቲ እናት፣ ልጅዎን አላውቀውም፣ የነገሩኝንም ለማንም አልነገርኩም” ነው ያላት። ከነጋዴዎቹ አንዱ “ታዲያ ቋንቋውን ለምን ደበቅህ?” አለው። “እናቴ የሱሉልታ ሰው ናት፣ ቤቷ ከገበያው በላይ ነው” አለ። “ሁለቱንም እንደምሰማ ከታወቀ አንዱ ወገን ስለ ሌላው ይጠይቀኛል። የማይሰማ ሰው ግን አይጠየቅም።”

መልሱ ማንንም አላጠገበም። እኔንም። ሰዎቹ እዚያው እያየሁ ኮምፒውተሮቻቸውን እየነቀሉ ወሰዱ። የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤትም በሩ ላይ ቆሞ፣ ወሩን እንኳ ሳይጨርስ ጠረጴዛውን እንዲለቅ ነገረው። እትዬ ድንቅቱ ምራቋን እግሩ ስር እንትፍ ብላ ሄደች። እኔ ኮምፒውተሬን አቅፌ መሃል ቀረሁ።

በሪሁን “ያንቺን ልጨርስልሽ?” አለኝ። “ቀናቱን አልነግርህም” አልኩት። “አትንገሪኝ” አለ። የደረሰኞቹን ቀን አስተካከለ፣ ወጪውን ከገቢው አቀናነሰ፤ ምክንያት የሚጻፍበት ቦታ ላይ ሲደርስ “እዚህ ጋ አንቺ ጻፊ” ብሎ ወንበሩን አዞረና ፊቱን ወደ ግድግዳው አደረገ። ጀርባውን እያየሁ ጻፍኩ። ቀን አልጠቀስኩም። “በጸጥታ ችግር መንገድ ስለተዘጋ እቃ አልገባም፣ ሽያጭም ቀንሷል” የሚል አንድ ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ስጨርስ “ማተሚያውን ተጫኚና ወረቀቱን ራስሽ አውጪው” አለኝ፤ ሳይዞር። በስምህ የፈረምኩት ይህንን ነው ወንድሜ። ቢሮው ተቀብሎ ማኅተም መትቶልኛል። አምነውኝ ይሁን ለሌላ ቀን አቆይተውት ግን ማኅተሙ አይናገርም።

በሪሁን በማግስቱ አልነበረም። ጠረጴዛው ላይ የድንች ጆንያ ተቀምጦበታል።

ኅዳር ሲገባ ሞቲ ከተለቀቁት ጋር መጣ። ፀጉሩን ተላጭቶ፣ ከስቶ፣ ግን በእግሩ ቆሞ። የተያዘው ሚኒባስ ላይ ሲፈተሹ ስልኩ ውስጥ እንደ ሰልፈኞቹ እጁን ወደ ላይ አጣምሮ የተነሣው ፎቶ ተገኝቶ ነው። ስለ እናቱ ሱቅ የጠየቀው ሰው የለም፣ ስለ በሪሁንም ሰምቶ አያውቅም። እትዬ ድንቅቱ ይህን ስትሰማ የልጇን እግር ማጠቧን ትታ፣ እጇ እንደረጠበ ወደ እኛ ቤት መጣችና “ነገ ሱሉልታ ትወስጂኛለሽ” አለችኝ። ሀሰኖ “እናንተን ማን መልእክተኛ አደረጋችሁ?” ብሎ ተቆጣ። ሄድን።

በአዲሱ ገበያ በኩል ሚኒባስ ይዘን እንጦጦን ተሻግረን ወረድን። የያዝነው “ከገበያው በላይ” የሚለውን ብቻ ነው። አንድ ባለ ሱቅ ጠየቅን። እኔን ከነሒጃቤ፣ እሷን ከነነጠላዋ አየና “ማን ልኳችሁ ነው?” አለን። ማንም አልላከንም ስንለው “እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ የለም” ብሎ ጀርባውን ሰጠን። ሁለተኛው ቤትም ያው። ሦስተኛው ላይ የቆመው ሰውዬ ከኋላ ከኋላችን ይከተለን ጀመር። አክመል፣ ያን ጊዜ ነው የገባኝ። ጆሮ ጠቢ መስለናል! እትዬ ድንቅቱም ገብቷት ክንዴን ጨበጠችኝ።

ከላይ አንድ የቆርቆሮ በር ላይ ጠና ያሉ ሴት ቆመው ነበር። ግንባራቸውን ሳይ በሪሁንን ያየሁ መሰለኝ። ስሙን ስንጠራላቸው ፊታቸው ላይ ምንም አልተንቀሳቀሰም። “እንዲህ የሚባል ልጅ የለኝም” አሉ። እኛ ልጅዎ ነው ወይ አላልናቸውም ነበር። እትዬ ድንቅቱ በኦሮምኛ “ካዩት እንዲህ ይበሉልኝ፤ ልጄ ተመልሷል፣ አንተ እንዳልሆንክም አውቄያለሁ፣ የተፋሁብህን ምራቅ ይቅር በለኝ” አለቻቸው። ሴትየዋ “የማላውቀውን ሰው ምን ብዬ?” አሉና በሩን ዘጉት።

ልንመለስ ዞር ስንል ከበሩ ጀርባ ድምፃቸው ተሰማ። “ልጅሽ ግን ደህና ገባልሽ?”

“ደህና ገባ” አለች እትዬ ድንቅቱ። ከውስጥ “ዋቃ ገለታ”፣ ተመስገን እንደ ማለት፣ የሚል ትንፋሽ የመሰለ ነገር ሰማን፤ ከዚያ መወርወሪያው ተቀረቀረ።

ይህን ለማንም አታውራ፣ አብረውህ ለሚያድሩትም ቢሆን። ስለ ግብሩ የሚጠይቅህ ከመጣ “እህቴ ነች የምታውቀው” በል። ከሀገር ቤት “ራቢአ ነኝ” ብላ የምትደውል ሴት ድምፅ ካጠራጠረህም እናታችን በልጅነትህ ስትቆጣ ምን ብላ ትጠራህ እንደነበር ጠይቃት። እኔ ከሆንኩ እስቃለሁ።

እናታችን በዱዓ ሰላም ብላሃለች፤ ጋቢ ልላክለት ወይ ስትል፣ ጅዳ ጋቢ አይለበስም ብላት አላመነችኝም። ሀሰኖ “ስለ ሱቁ አታስብ” ይልሃል፤ እሱ ግን ያስባል። እትዬ ድንቅቱ ጉንጭህን ትስማለች፣ ሞቲም ሰላም ብሏል፤ ስልክ አይዝም አሁን። አንተም አብረውህ ላሉት ወንድሞች ሁሉ በየስማቸው ሰላምታዬን አድርስልኝ። ራያን ስትቀበላት በደንብ አብላት፣ መንገዱ ረጅም ነው።

የምትናፍቅህ እህትህ
ራቢአ

ቡራዩ፣ ኅዳር 15 ቀን 2009 ዓ.ም.