ለሚመጣ ሰው ጥቁር ይነጠፋል?

ሰኞ፣ ጥር 5 ቀን 1989

ዝናብ። የሳሎኑ ወለል በረዶ ነው። እናቴ ካልሲ በካልሲ ደርባ እግሯን እየጎተተች ትሄዳለች። እዚህ እስራኤል፣ ኪርያት ኖርዳው፣ ክረምቱ ከእግር ይጀምራል። ምንጣፍ ያስፈልገናል። ባሌን ጠየቅሁት። "ግዥ" አለ ቃኘው፣ ዓይኑን ከጋዜጣው ሳያነሳ። ምን ዓይነት? ምን ቀለም? እሱ አይጠይቅም።

ረቡዕ፣ ጥር 7

ኤያል ሥራ ቦታዬ መጣ። ታናሽ ወንድሜ ሥራ ቦታዬ መጥቶ አያውቅም። በሩ ላይ ሳየው ሰው መሞቱን አወቅሁ። ማን እንደሆነ ነበር የቀረኝ።

ዘመነ። ታላቃችን። ወረቀቱ አልተሟላም ተብሎ ጎንደር የቀረው። ወባ ነው አሉ። እሑድ ሞቶ እሑድ ተቀበረ።

"ለእናታችን ማን ይነግራታል?" አልኩት።

"ማንም። ገና ነው።"

መርዶ እንደ ወሬ አይወረወርም፣ አውቃለሁ። ዘመድ ከየከተማው ይሰባሰባል። የቤተ እስራኤሉ ቄሳችን ይጠራሉ። ማለዳ፣ እህል ሳይቀመስ፣ ሁሉም አብሮ ይገባል። እስከዚያ ፊትን መጠበቅ ነው።

እራት ሳቀርብላት፣ "ፊትሽ ምነው?" አለች።

ብርድ ነው አልኳት።

ዓርብ፣ ጥር 9

ሐጊት አብራኝ ነው የምትሠራው። ስለ ቤት ዕቃ የማታውቀው የለም። ጠቆር ያለ ምንጣፍ ልገዛ ነው ብላት ጮኸች። "በዚያች ሳሎን? ይውጣችኋል!"

ከዚያ ማስተማር ጀመረች። ከግድግዳ እስከ ግድግዳ አይሁን፣ ዙሪያውን ወለሉ ይታይ። ሶፋው በፊት እግሮቹ ብቻ ይርገጠው። መጋረጃው ነጣ ያለ፣ ትራሱም ነጣ ያለ። መብራት ከጥግ።

"ግን ጥቁር ለምን አማረሽ?"

"ቆሻሻ አያሳይም።"

ውሸት ነው? ሰው ይመጣል። ብዙ ሰው… እንደ ሕጋችን ሰባት ቀን ለልቅሶ ወለል ላይ የሚቀመጥ። አበባ ባለው ቀይ ምንጣፍ ላይ እንዴት ይለቀሳል?

እሑድ፣ ጥር 11

እናቴ ሹክ፣ ገበያው፣ አብሬሽ ልሂድ አለች። ምን ብዬ ልከልክላት?

ሻጩ አንዱን ሲጠቀልል ሌላውን ሲዘረጋ ቆየ። ቀዩ ሲዘረጋ ጎንበስ ብላ በመዳፏ ደባበሰችው።

"ይኸን ነው የምናነጥፍለት።"

"ለማን?"

"ለዘመነ ነዋ! አታስመስይ አንች። ከወንድምሽ ጋር ስትንሾካሾኩ አላየሁም? ሊመጣ ነው። በድንገት አምጥታችሁ ልታስለቅሱኝ ነው።"

ትስቃለች። ጥርሷን ካየሁ ስንት ጊዜዬ? አይደለም ማለት አቃተኝ። አዎ ማለትም።

ጥቁር ሰማያዊውን ጠቆምኩ።

"ለሚመጣ ሰው ጥቁር ይነጠፋል?" አለች፣ ሰው ዞር ብሎ እስኪያየን።

ሻጩ አማርኛ ባይሰማም ጣቷን አይቷል። "እናትሽን ስሚ፣ ቀዩ ቤት ያደምቃል" አለኝ በዕብራይስጥ።

ጥቁር ሰማያዊውን ገዛሁ። አውቶቡስ ውስጥ ምንጣፉን መሃላችን አቆምነው። እስከ ቤት አላናገረችኝም።

ማክሰኞ፣ ጥር 13

ኤያል ከሰፈሩ ከነቬ ኢታማር መጣ። በረንዳ ላይ ቆመን።

"ራቩን፣ የምኩራቡን ረቢ፣ ጠየቅሁት" አለ። "ከሠላሳ ቀን በኋላ የሰማ ሰው ሰባት ቀን አይቀመጥም። አንድ ሰዓት ብቻ። ከዚያ ይነሳል። የደም ግፊቷን ታውቂዋለሽ… ሠላሳው ይለፍ።"

"ለዘመነ አንድ ሰዓት?"

"ልትገድያት ነው?"

"ልጇን እንዳታለቅስ ልታደርጋት ነው?"

ከሳሎን ተጣራች። "ኤያል! ና እስኪ እህትህ ያመጣችብኝን ጨለማ እይልኝ!"

ገብቶ ሳቀላት። እንዴት ቻለበት? ግን እኔስ? እኔም ፈገግ ብዬ ነበር።

ሰኞ፣ ጥር 19

እናቴ ትራስ ሰፋች። ቀይ። "ጨለማውን ትንሽ ይገፋልኛል" አለች። ሐጊት ነጣ ያለ ነበር ያለችው። ጥቁሩ ላይ ሲያርፍ ግን… ያምራል። እንዲያምር አልፈለግሁም ነበር።

"የዘመነ ነው፣ ማንም እንዳይደገፈው።"

ሶፋውን ገፋሁ፣ መለስኩ፣ ደግሞ ገፋሁ። ቃኘው "ምን ሆነሻል?" አለ። ሶፋው አልቀና አለኝ አልኩት።

ረቡዕ፣ ጥር 28

ነገርኳት።

ከቀትር በኋላ ነበር። ሁለታችን ብቻ። ምንጣፉን በስንዝር እየለካች ነው። የዘመነ ፍራሽ ይገባ እንደሆነ። ራስጌው በየት በኩል ይሁን፣ መስኮቱ ብርድ ያስገባ እንደሆነ።

"እምየ፣ ዘመነ አይመጣም።"

እጇ ምንጣፉ ላይ ቀረ። "ወረቀቱን ከለከሉት?"

"አይደለም።"

ለቅሶ ጠበቅሁ። አላለቀሰችም።

"መቼ?"

ነገርኳት። ሠላሳውንም፣ የኤያልን አንድ ሰዓትም ነገርኳት። አንዴ ከተከፈተ አፌን መዝጋት አልቻልኩም።

ጉልበቷን ይዛ ተነሳች።

"ስሚ አንች። እኔ ምንም አልሰማሁም።"

"እምየ…"

"የልጄ መርዶ በፍራሽ ልክ መሃል አይነገርም። ለቄሱ ደውይላቸው። ነገ ማለዳ ሰው ይዘው ይምጡ፣ እንደ ወጉ ይንገሩኝ። ኤያልንም እሳቸው ይጥሩት፣ እሳቸውን እምቢ አይልም። አንች ነገርሽኝ ቢባል ዕድሜ ልክሽን 'እናቷን በቁሟ ያረዳች' ይሉሻል።"

ከዚያ ወጥ ቤት ገብታ ሽንኩርት ትልጥ ጀመር።

ሐሙስ፣ ጥር 29

ሲነጋ መጡ። በዝናብ። ወንዱም ሴቱም ከነጭቃ ጫማው ምንጣፉ ላይ ቆመ። ኤያል ከሁሉ ኋላ። ዓይኔን ሸሸ።

እናቴ ከመኝታ ቤት ወጣች። ሻሿን እያሰረች። "ምነው በጧት? ደህና ናችሁ?"

ድምጿ… እኔም አመንኳት። ለአፍታ፣ ምናልባት ትናንት አልነገርኳት ይሆናል ብዬ።

ቄሱ ነገሯት።

ያኔ ጮኸች። እንዲህ ያለ ጩኸት ሰምቼ አላውቅም። ሌሊቱን ሙሉ ይዛው አድራለች ማለት ነው። ለሰዎቹ። ለዘመነ። ለእኔም።

ምንጣፉን አልፋ ባዶው ወለል ላይ ተቀመጠች።

"እማ፣ ይበርድሻል፣ ምንጣፉ ላይ ሁኝ" አለ ኤያል እያለቀሰ። ሰባት ቀን ስለመቀመጧ አንድ ቃል አልተነፈሰም።

እሷ አልተነሳችም። ለእሷ ብዬ ነበር የመረጥኩት… ሰዎቹ ተቀመጡበት።

ጎኗ ሄጄ ተቀመጥኩ። ከነጠላዋ ሥር እጄን ፈልጋ ያዘችኝ። አጥብቃ፣ እስኪያመኝ። ኤያል ቀና ብሎ ሲያየን ይበልጥ አጠበቀችው።