«አረፈ» የተባለው ቀለበት

ኅዳር 2

ዛሬም እንደ ትናንቱ… ከምድጃው ወደ መጋዙ፣ ከመጋዙ ወደ መጎተቻው። ከአውሮፕላን ክፍሎች የተቆረጡ የብረት ናሙናዎች እስኪበጠሱ ድረስ ይጎተታሉ፤ ምን ያህል ሸክም እንደቻሉ ይመዘገባል። በመጎተቻው ላይ የሚሠራውን ሰው «ቀባሪ» እንለዋለን። ናሙናው ጧ ብሎ በተበጠሰ ቁጥር ኮፍያውን አውልቆ፣ «አረፈ! ነፍስ ይማር!» ይላል። አጎቴ ከመጋዙ ማዶ ሆኖ፣ «ምነው፣ ታሞ ነበር እንዴ?» ብሎ ይጠይቀዋል። በየቀኑ ያው ቀልድ፣ በየቀኑ ሳቅ። እኔ ግን ጧ ሲል እስከ ዛሬ እደነግጣለሁ።

የእኔ ሥራ ማንበብ ነው። ፎርማኑ ከምድጃ በወጣ ብረት ላይ በጠመኔ «አረፈ» ብሎ ይጽፋል፤ ያንን አንብቤ ወደ መጋዙ እወስዳለሁ። ያልተጻፈበትን አልነካም። እስከ አራተኛ ክፍል መማሬ ለዚህ በቃኝ። ቢሆንም አንዱን ቃል ደጋግሜ አነባለሁ… ብሳሳትስ?

ኅዳር 5

ኢንጂነሯን ደፍሬ ጠየቅኋት። ብረት እንዴት ያርፋል?

«ሲበየድ አንዱ ወገን ቀድሞ ይቀዘቅዛል፣ ሌላው ይዘገያል» አለችኝ። «እንደተጓተቱ ይቀራሉ። ምንም ሳትጭንበት ውስጡ ውጥረት አለ ማለት ነው። አየር ላይ የበረራው ሸክም ሲጨመርበት ይሰነጠቃል። ምድጃ ውስጥ ቀስ ብሎ ግሎ ቀስ ብሎ ሲበርድ ግን ውጥረቱ ይለቀዋል። ያርፋል።»

«በዓይን ይታያል?»

«አይታይም። ክፋቱ እሱ ነው።»

ለአጎቴ ነገርኩት። «እንግዲያው አንተንም እዚያ ምድጃ ውስጥ ከቶ ማሳደር ነው» አለኝ። የእናቴ ታናሽ ወንድም ነው፤ ከቤት አውጥቶ፣ ይህን ሁሉ መንገድ አምጥቶ፣ ለዚህ ሥራ ያበቃኝ እሱ ነው። አንቱ ስለው ይቆጣል። «ሚስት ሳላገባ አታስረጀኝ!»

ኅዳር 9

ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ቆሜ ነው የምጽፈው። ይህ ጽሑፍ ይነበብ ይሆን…

ጠዋት መጎተቻው አጠገብ አንድ ትልቅ ቀለበት ቆሞ አገኘሁ፤ የአውሮፕላን ሞተር የሚሸከም፣ የተበየደ። «አረፈ» ተብሎ ተጽፎበታል። የፎርማኑ ጽሑፍ አልመሰለኝም፤ ፊደሉ ወደ ጎን የተጋደመ ነበር። ቆም አልኩ። ልጠይቅ? ብጠይቅ፣ «ማንበብ ይችላል ተብሎ አልነበር የተቀጠረው?» ይሉኛል ብዬ ፈራሁ። ተውኩት። በጋሪ ገፍቼ ለአጎቴ አደረስኩለት።

«አርፏል?» አለኝ።

«አርፏል» አልኩት።

በሞርሳ አጥብቆ አሰረው። መጋዙ ቆርጦ ሊጨርስ ጥቂት ሲቀረው ቀለበቱ የቀረውን በራሱ በጥሶ ተፈናጠረ። ጫፉ የአጎቴን ጎን መታው። ድምፁ ልክ እንደ ናሙናዎቹ ነበር… ጧ።

ለካ ያ ቀለበት ምድጃ ገብቶ አያውቅም። ትናንት በሸክም ሲፈተን ተሰንጥቆ ኖሯል። ቀባሪም እንደ ልማዱ ሊያስቅ ፈልጎ፣ በአፉ የሚለውን በጠመኔ ጻፈበት። ያው ቃል። እሱ ሞተ ማለቱ ነበር፤ እኔ ውጥረቱ ለቀቀው ብዬ አነበብኩ።

ኅዳር 10

የጎድን አጥንቱ ተሰብሯል። ዶክተሩ፣ «ከውጭ በሚታየው ብቻ መፍረድ አይቻልም» አለ። ምን ማለቱ ነው?

ቀባሪን ሆስፒታሉ በር ላይ አገኘሁት፤ ኮፍያውን በእጁ ጨብጦ። ግባ ብለው አልገባም አለ። «እኔ ነኝ አይደል?» አለኝ። እሱ ጻፈ፣ እኔ አነበብኩ።

ኅዳር 12

ሲያቃስት አድሮ ጠዋት መድኃኒት ሰጡት። ተኛ። ግንባሩ ሲፈታ፣ እጁ ሲላላ አየሁ። ደስ ብሎኝ፣ መጎዳቱን ሰምታ ለተጨነቀችው እናቴ ደወልኩ።

«እማዬ፣ አይዞሽ፣ አሁን አርፏል» አልኳት።

ጩኸት። ስልኩ ሲወድቅ ተሰማኝ…

አፌን ምን ነካው? የሥራ ቦታ ቃል ለእናት ይነገራል? ደጋግሜ ደወልኩ። በመጨረሻ ያነሳችው ጎረቤታችን ናት፤ ከኋላዋ የሚያለቅስ ሰው ብዙ ነው። «ተኝቷል ማለቴ ነው! በሕይወት አለ!» እያልኩ ኮሪደሩ ላይ ስጮኽ ነርሷ ወጥታ ተቆጣችኝ። ትቆጣኝ። ሲያንሰኝ ነው።

ኅዳር 13

ነቃ። የሆነውን ነገርኩት። ጎኑን ይዞ ሳቀ።

«አንተ፣ አታስቀኝ! ጎኔን! ለመሆኑ ሰው መጣ?»

«ግቢው ሞልቶ ነበር።»

«ያቺ እምቢ ያለችኝ ጎረቤታችሁስ? አለቀሰች?»

«ስልኩን ያነሳችው እሷ ናት። መናገር አቅቷት ነበር።»

ወደ ጣሪያው አየ። «በቁሜ ተለቀሰልኝ» አለ፤ ደስ ያለው መሰለኝ። ከዚያ፣ «ለቀባሪ ንገረው፣ ኮፍያውን መልሶ ያድርግ። ገና አለሁ።»

«ያን ዕለት ጠይቄ ቢሆን ኖሮ…» ብዬ ጀመርኩ።

«እኔ ጠየቅሁህ፤ አንተ ያነበብከውን ነገርከኝ። በቃ፣ ዝጋው።»

አልተዘጋም።

ኅዳር 15

ሆዱ ተነፍቷል። ሲነኩት ይጮኻል። በጥድፊያ ወደ ቀዶ ጥገና ወሰዱት። እኔ ውጭ…

ኅዳር 16

ከቀዶ ጥገናው በሕይወት አልወጣም። ከውስጥ ሲደማ ነው የሰነበተው አሉኝ። ከውጭ አይታይም ነበር አሉኝ።

ለእናቴ ደወልኩ። ገና ድምፄን ስትሰማ፣ «ምነው፣ ዛሬም አርፏል ልትለኝ ነው?» ብላ ሳቀች። ሳቋን እየሰማሁ ቃል ፈለግሁ። አርፏል ብላት ተኝቷል ብላ ትቀበለኛለች፤ ለአንድ ቀን እንኳ በሰላም ትውላለች… ይህን ማሰቤን አልክድም።

«እማዬ… ሞቷል።»

አልጮኸችም።

«ማን?» አለችኝ።

«ወንድምሽ።»

ኅዳር 20

አልጻፍኩም። ምን እጽፋለሁ?

ኅዳር 27

ወደ ሥራ ተመለስኩ። ፎርማኑ ያን ቃል ከልክሏል። አሁን የሚጻፈው «ከምድጃ ወጥቷል» ተብሎ ነው፤ የጻፈው ሰውም ከሥሩ ይፈርማል። መጋዙ ላይ አዲስ ሰው ቆሟል፤ የአጎቴን ጓንት አድርጓል፤ የማን እንደነበረ ማንም አልነገረውም። «ይህ ይቆረጣል?» ብሎ ጠየቀኝ። «ቆይ» አልኩት። ጽሑፉን እያየሁት፣ ፊርማውን እያየሁት፣ ሄጄ ፎርማኑን ጠየቅሁ። ኢንጂነሯንም ጠየቅሁ። ከኋላዬ አንዱ፣ «ማንበብ ይችላል አልተባለም እንዴ?» አለ። ሰማሁት። ይበል።

ከሰዓት በኋላ መጎተቻው ላይ አንድ ናሙና ጧ አለ። አልደነገጥኩም። የቀባሪ እጅ እንደ ልማዱ ወደ ኮፍያው ሄደ… ግማሽ መንገድ ላይ ቆመ። ማንም አልሳቀም። አጎቴ ይጠይቅበት ከነበረው ከመጋዙ ማዶም ድምፅ አልመጣም። ቀባሪ ጠመኔውን አንስቶ ለእኔ ዘረጋልኝ። «አንተ ጻፈው» አለኝ።

«ተሰበረ» ብዬ ጻፍኩ። ከሥሩ ስሜን አኖርኩ።