ቱልባራችንን ለደበቁልን ለኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ

ለክቡር የሆስፒታላችን የኮምፒውተር ክፍል ኃላፊ፤
ባሉበት።

ክቡር ሆይ፣ እንደምን ከርመዋል? ለእርስዎም ለቤተሰብዎም ሙሉ ጤንነት እመኛለሁ። ምኞቴ ከልብ ነው፤ ምክንያቱም እግዜር አያድርገውና ቢታመሙ፣ ለቀዶ ሕክምና ወረፋ የሚመዘገቡት እኔ በምሠራበት ክፍል፣ እርስዎ ባዘጋጁት ፋይል ላይ ነው።

ነገርን ከሥሩ፣ ውሃን ከጥሩ እንዲሉ፣ ከመነሻው ልጀምር። የወረፋውን ዝርዝር በሠንጠረዥ ፕሮግራም የምንይዘው እኔና ሃያ ሁለት ዓመት ያገለገለችው፣ ሁላችንም እትዬ የምንላት ባልደረባዬ ነን። ባለፈው ዓመት ከመካከላችን አንዱ አንድ ዓምድ በስህተት አሰፋ። እርስዎም በዚህ እጅግ አዝነው፣ ፋይሉ በተከፈተ ቁጥር ቱልባሩን፣ ያንን ከላይ የተደረደረውን የትእዛዝ መስመር፣ ከነምልክቶቹ የሚደብቅ ማክሮ የሚሉት ራሱን በራሱ የሚሠራ ትእዛዝ ጻፉልን። በስክሪኑ ላይ «መዝግብ» የምትል አንዲት ቁልፍ ብቻ ቀረችልን። ለዚህ አሳቢነትዎ ምስጋናዬን እያቀረብኩ፣ የሚከተሉትን ጥቃቅን ቅሬታዎች በትሕትና አሰማለሁ።

1ኛ. ማክሮዎ ቱልባሩን የሚደብቀው ከእኛ ፋይል ብቻ አይደለም፤ በዚያው ኮምፒውተር ላይ ከሚከፈተው ፋይል ሁሉ ነው። የሚመልሰውም ፋይሉ በወጉ ሲዘጋ ነው፤ መብራት ግን በወጉ አይጠፋም። የጽዳት ኃላፊዋ የተረኞቿን ፋይል ከፍታ ራሰ በራ ሆኖ ብታገኘው፣ ቫይረስ ነው ብላ ኮምፒውተሩን ከሶኬቱ ነቀለችው። ከዚያ ወዲህ ተረኞቿን በቃሏ ትጠራለች።

2ኛ. የተሳሳቱትን ወደ ኋላ የምትመልሰው ቀስት አብራ ተደበቀች፤ በኪቦርድ የሚሠራውም አቋራጭ ተዘጋ። ይህንን በጽሑፍ ብንጠይቅዎ «የሚሳሳት ሰው አይመዝግብ» ብለው መለሱልን። ሰው ሳይሳሳት መኖር እንደሚችል ያወቅነው ያን ዕለት ነው።

3ኛ. የማተሚያውም ምልክት ጠፋ። ክቡርነትዎ እኛ ክፍል ወርደው ስለማያውቁ ልንገርዎት፤ ዘወትር ዓርብ ጠዋት ዝርዝሩን አትመን በራችን ላይ እንለጥፍ ነበር። ታካሚዎች በጣታቸው እየተከተሉ ስማቸውን ይፈልጋሉ፤ የጎደለ ካለ ያኔውኑ በሩን ያንኳኳል። ስህተታችንን የሚያርሙልን እነሱ ነበሩ። ማተም ሲቀር ግን «ቤታችሁ ሁኑ፣ በስልክ ትጠራላችሁ» እንድንላቸው ታዘዝን፤ አልናቸውም።

ከእነዚህ ታካሚዎች አንዱ አንድ አናጺ ነበር። ዓርብ ዓርብ እየመጣ ጣቱን ስሙ ላይ ያሳርፍና፣ ከስልሳኛ ወደ አርባ አንደኛ መውረዱን ለእትዬ በኩራት ይነግራት ነበር። አንድ ማክሰኞ እትዬ አዲስ ታካሚ ስትመዘግብ በሌላ ሰው ረድፍ ላይ ጻፈችና «መዝግብ»ን ተጫነች። መሳሳቷን ወዲያው አወቀች፤ የማንን ስም እንዳጠፋች ግን አላወቀችም። የፋይሉ ቅጂ ያለው እርስዎ ዘንድ ብቻ ስለሆነ፣ በዚያው ዕለት ቅጽ ሞልታ ላከች። መልሱ በአሥራ ዘጠነኛው ቀን መጣ፤ «ጥያቄዎ ታይቷል» ይላል። ሌላ ምንም አይልም።

አናጺው ሁለት ወር ሙሉ ስልኩን ከእጁ ሳይለይ ጠበቀ። ከዚያ ሞተ።

አሁን እትዬ «መረጃ በማጥፋት» ተከስሳ፣ ሐሙስ የዲሲፕሊን ኮሚቴ ፊት ትቀርባለች። ምስክሩም እርስዎ ነዎት ተብሏል። ክቡር ሆይ፣ እስካሁን በጨዋ ቋንቋ ለመጻፍ ሞክሬያለሁ፤ ግን ተናድጃለሁ፣ አዝኛለሁም። አለባብሰው ቢያርሱ በአረም ይመለሱ ይባላል፤ አረሙን ግን እንድትነቅል የተፈረደባት እሷ ብቻ ናት።

ስለዚህ አንድ ነገር ብቻ እለምናለሁ። ሐሙስ ዕለት ኮምፒውተራችን ኮሚቴው ፊት ይቅረብ። እርስዎም በገዛ እጅዎ አንድ ስም በሌላ ስም ላይ ይጻፉና፣ «መዝግብ»ን ተጭነው፣ የጠፋውን ይመልሱልን። ከመለሱት፣ የእትዬን ስንብት እኔ ራሴ ጽፌ አቀርባለሁ። ካልቻሉ ግን፣ የሞላችው ቅጽ ከነቀኑ ከክሱ መዝገብ ጋር ይያያዝልን።

እንዳንሳሳት ብለው ዓይናችንን ለጋረዱልን ለእርስዎ፣ ሁልጊዜም ከአክብሮት ጋር፣
ታዛዥዎ የወረፋ መዝጋቢ፣
ክፍል ስድስት፣ ከመስኮቱ በኩል ያለው ጠረጴዛ

ማስታወሻ፦ ማተም ስለማልችል ይህንን ደብዳቤ በእጄ ጽፌ፣ የዓርቡ ዝርዝር ይለጠፍበት በነበረው በር ላይ ለጥፌዋለሁ። ትናንት የአናጺው ሚስት መጥታ፣ ወረፋው ለሌላ ሰው እንዲደርስ የባሏን ስም ከዝርዝሩ እንድናወጣላት ለመነችን። ቀድሞ መውጣቱን ነገርኳት። ስለ ፍጥነታችን አመስግናን ሄደች፤ ምስጋናው የሚገባው ለእርስዎ ስለሆነ ይኸው አድርሻለሁ።